ማንፍሬድ ፎን ሪችትሆፈን፦ አንድ አብራሪና አራት መቃብሮቹ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከወደቁት አብራሪዎች መካከል ጀርመናዊውን ማንፍሬድ ፎን ሪችትሆፈንን ያህል በወገንም በጠላትም ዘንድ ስሙ የገነነ አይገኝም። ስለ እርሱ የተጻፈው አብዛኛው የሰማይ ላይ ፍልሚያውን የሚተርክ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ግን ከሞቱ በኋላ በአስከሬኑ ላይ የሆነውን አብሮ ይመለከታል፤ የአንድ ወታደር መታሰቢያ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ጎልቶ የሚታየው በዚያ ነውና። ዘመናቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሪችትሆፈን በ1892 ብሬስላው አጠገብ፣ በዛሬዋ የፖላንድ ከተማ ቭሮትስዋፍ፣ ከመሳፍንት ወገን ተወለደ። በልጅነቱ ወታደራዊ ትምህርት ቤት ገብቶ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ሆነ። ጦርነቱ የምሽግ ውጊያ ሲሆን ግን ፈረሰኛ ሥራ ፈታ፤ እርሱም በ1915 ወደ አየር ክፍል ተዛወረ። መጀመሪያ ቃኚ ነበር፤ ቆይቶ ማብረር ተማረ።

ሴፕቴምበር 17 ቀን 1916 ካምብሬ አካባቢ የመጀመሪያውን የተረጋገጠ ድል አገኘ። በወደቀው አውሮፕላን ውስጥ የነበሩት ብሪታንያውያን ላዮኔል ሞሪስና ቶም ሪስ ሞቱ። ሪችትሆፈን ራሱ በኋላ እንደተረከው በመቃብራቸው ላይ ድንጋይ አኖረ። ለበርሊን አንጥረኛም ቀኑና የአውሮፕላኑ ዓይነት የተቀረጸበት ትንሽ የብር ጽዋ አዘዘ። ድል ባገኘ ቁጥር አንድ ጽዋ እየጨመረ 60 ካደረሰ በኋላ በጀርመን ብር በመጥፋቱ ቀረ። የመቃብሩ ድንጋይና የአዳኙ ጽዋ ከአንድ ሰው እጅ መውጣታቸው ለዚህ ጸሐፊ ከድሎቹ ብዛት ይልቅ ስለ ሰውዬው ብዙ ይናገራል።

አውሮፕላኑን ቀይ ቀለም ስለ ቀባ ቀዩ ባሮን የሚል ስም ወጣለት። በጁላይ 1917 ራሱን ቆስሎ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ሳይድን ወደ ግንባር ተመለሰ። ድሎቹ 80 ደረሱ። ኤፕሪል 21 ቀን 1918፣ 26ኛ ዓመቱን ሊደፍን 11 ቀን ሲቀረው፣ በሶም ወንዝ ሸለቆ አንድ ካናዳዊ አብራሪ እያሳደደ ዝቅ ብሎ ሲበር በአንዲት ጥይት ደረቱን ተመትቶ ወደቀ። ድሉ በወቅቱ ለሌላው ካናዳዊ አብራሪ ለሮይ ብራውን ተቆጠረ፤ የቁስሉ አቅጣጫ ግን ተኳሹ ከምድር የነበረ የአውስትራሊያ መትረየስ ተኳሽ መሆኑን ያመለክታል፤ ዛሬ ብዙዎቹ ተመራማሪዎችም በዚህ ይስማማሉ።

ወታደሮች አውሮፕላኑን ለማስታወሻ ቆራርጠው ተካፈሉት። በማግስቱ ግን አውስትራሊያውያን አብራሪዎች የሬሳ ሣጥኑን ተሸክመው በቤርታንግል መንደር በክብር ተኩስ ቀበሩት፤ የቀብሩም ፎቶግራፍ በጀርመን ምሽግ ላይ ከአየር ተጣለ። ከጦርነቱ በኋላ ዐጽሙ በፍሪኩር ወደሚገኘው የጀርመን ወታደሮች መቃብር ተዛወረ።

በ1925 ወንድሙ ቦልኮ ዐጽሙን ለማምጣት ወደ ፈረንሳይ ሄደ። የቤተሰቡ ሐሳብ በመኖሪያቸው በሽቫይድኒትስ፣ በአባቱና በ1922 በአውሮፕላን አደጋ በሞተው በወንድሙ በሎታር አጠገብ እንዲያርፍ ነበር። መንግሥት ግን በርሊን፣ ታላላቅ የጦር ሰዎች በተቀበሩበት ስፍራ እንዲያርፍ ጠየቀ፤ ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግም በቀብሩ ተገኙ። ቤተሰቡ እሺ አለ። በ1937 የናዚ መንግሥት ያንን መቃብር በግዙፍ ድንጋይ ተካው፤ የተቀረጸበትም የቤተሰቡ ስም ብቻ ነበር። የግል ስሙን እንኳ አላስፈለጋቸውም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የበርሊን ግንብ በዚያው መካነ መቃብር ጠርዝ አለፈ። ወደ ምዕራብ በሚሸሹ ሰዎች ላይ ይተኮስ የነበረው ጥይት ድንጋዩንም አቆሰለው። ሽቫይድኒትስም በዚህ ጊዜ የፖላንድ ግዛት ሆና ነበር። በ1975 ዐጽሙ ወደ ቪስባደን ተወስዶ በቤተሰቡ መቃብር፣ በቦልኮና በእኅቱ በኤሊዛቤት አጠገብ አረፈ፤ ከሞተ 57 ዓመት በኋላ።