ጆርጅ ስሚዝ (የአሦር ጥናት ሊቅ)

ጆርጅ ስሚዝ (26 ማርች 1840 – 19 ኦገስት 1876 እ.ኤ.አ.) የጥንት አሦርንና የባቢሎንን ጽሑፎች ያጠና እንግሊዛዊ ሊቅ ነበር። ይበልጥ የሚታወቀው በኦሪት ዘፍጥረት ካለው የኖኅ ታሪክ ጋር በጣም የሚመሳሰል የጥፋት ውኃ ታሪክ በሸክላ ጽላት ላይ ተጽፎ በማግኘቱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የወጣትነት ዘመን

ስሚዝ ለንደን ውስጥ ቼልሲ በተባለ ሰፈር ከሠራተኛ ቤተሰብ ተወለደ። በ14 ዓመቱ የገንዘብ ኖት ማተሚያ ሰሌዳ መቅረጽ እንዲማር ወደ ማተሚያ ቤት ገባ። ዩኒቨርሲቲ አልተማረም፤ የምሳ ሰዓቱን ግን በብሪታንያ ሙዚየም ከነነዌ የመጡትን ጽላቶች በማጥናት ያሳልፍ ነበር። ኩኔይፎርም የተባለውን ጽሕፈትም በራሱ ጥረት ተማረ። ችሎታውን ያየው ሊቅ ሄንሪ ሮውሊንሰን ስለ ደገፈው በ1867 በሙዚየሙ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

የጥፋት ውኃ ጽላት

ጽላቶቹ ኦስተን ሄንሪ ሌያርድና ሆርሙዝድ ራሳም በነነዌ ቆፍረው ካወጡት ከንጉሥ አሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት የመጡ ነበሩ። ይህ ራሳም በኋላ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ የመጣውና እስከ 1868 ድረስ መቅደላ ላይ የታሰረው ሰው ነው።

በ1872 ስሚዝ በአንድ ጽላት ላይ በተራራ ላይ ስላረፈች መርከብና ማረፊያ አጥታ ስለ ተመለሰች ርግብ አነበበ። ጽላቱ የጊልጋመሽ ትውፊት 11ኛ ክፍል ነበር። ትርጉሙንም በ3 ዲሴምበር 1872 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊሊያም ግላድስቶን በተገኘበት ጉባኤ አቀረበ። ግኝቱን አንዳንዶች ለመጽሐፍ ቅዱስ እውነተኝነት ምስክር አድርገው ተቀበሉት። ሌሎች ግን የዘፍጥረት ታሪክ ከባቢሎን የተወሰደ ይሆን ብለው ጠየቁ።

ጉዞዎቹና ሞቱ

የጽላቱ ክፍል ስለ ጎደለ ዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጣ ወጪውን ችሎ በ1873 ወደ ነነዌ ላከው። ስሚዝም ስለ ጥፋት ውኃ የሚናገር ቁራጭ ወዲያው አገኘ፤ ጋዜጣውም ዓላማው እንደ ተፈጸመ ቆጥሮ ድጋፉን አቆመ። ይሁን እንጂ ቁራጩ የጎደለው ክፍል ሳይሆን አትራሐሲስ የተባለ የሌላ ትውፊት ክፍል መሆኑ በኋላ ታወቀ። ይህ ትውፊት ሰው ከሸክላ ጭቃና ከታረደ አምላክ ሥጋና ደም እንደ ተሠራ ይተርካል። በዘፍጥረት ደግሞ አዳም ከምድር አፈር ይበጃል።

በ1876 ስሚዝ የፍጥረትንና የጥፋት ውኃን ትረካዎች ከዘፍጥረት ጋር የሚያነጻጽር መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት በሦስተኛ ጉዞው ላይ በተቅማጥ በሽታ ታሞ በ36 ዓመቱ ሶርያ ውስጥ ሐለብ ላይ ሞተ። ለሚስቱና ለልጆቹ በዓመት 150 ፓውንድ የጡረታ አበል ተሰጠ።

ከስሚዝ በኋላ የዘፍጥረትን የመጀመሪያ ምዕራፎች የሚያጠኑ ሊቃውንት የባቢሎንን ትረካዎችም አብረው ማንበብ ልማድ አደረጉ።