ለሰካራም ዋስ የሆነው ጫማ ሰሪ

ጆን ኦገስተስ ሕግ አልተማረም። ቦስተን ውስጥ፣ ከፖሊስ ፍርድ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ ጫማ እየሰፋ የሚኖር ሰው ነበር። በዚያ ዘመን በስካር ተይዞ የቀረበ ድሃ መጨረሻው ማረሚያ ቤት ነው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1841 ግን ኦገስተስ ችሎት ተቀምጦ ሳለ አንድ ልብሱ የነተበ ሰካራም ቀረበ። ጠጋ ብሎ አናገረውና ዋስ ሆነለት። ሰውየው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለስ ሌላ ሰው መስሎ መጣ። ዳኛው ማረሚያ ቤቱን ትተው አንድ ሳንቲም ቀጡት፤ ከፍርድ ቤቱ ወጪ ጋር ማለት ነው።

ከዚያማ ኦገስተስ ሥራዬ ብሎ ያዘው። ሴቶችን፣ ሕፃናትን፣ በጥቃቅን ስርቆት የተያዙትን ሁሉ ይዋስ ጀመር። ዝም ብሎ ግን አይፈርምም። መጀመሪያ የሰውየውን ዕድሜ፣ ያለፈ ታሪኩንና ውሎውን ያጣራል። ከዚያ ሥራ ይፈልግለታል፣ ማደሪያ ያገኝለታል፣ ልጅ ከሆነ ትምህርት ቤት ያስገባዋል። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ስለ ሰውየው ለዳኛው ይናገራል።

ታዲያ ይህን መልካም ሥራ ማን ይጠላል? የፍርድ ቤቱ ሠራተኞች! ነገሩ ሌላ ሳይሆን የገንዘብ ነው። ወደ እስር ቤት ከሚላክ ሰው ሁሉ ክፍያ ያገኙ ነበር፤ ኦገስተስ አንድ ሰው ባስቀረ ቁጥር ያቺ ክፍያ ትቀርባቸዋለች። መታሰር ለሆነ ሰው ገቢ ከሆነ፣ አለመታሰር ጠላት አያጣም።

እሱ ራሱ ደመወዝ አልነበረውም። የጫማ ሥራው ተዳከመ፤ የበጎ ሰዎች እርዳታ ነበር የሚደግፈው። ዋስ ከሆነላቸው ከመጀመሪያዎቹ 1,100 ሰዎች መካከል ዋስትናውን ያስወረሰው አንድ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1859 ሲሞት ቁጥሩ ወደ 2,000 ተጠግቶ ነበር።

ከሞተ ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ1878፣ የማሳቹሴትስ ግዛት ይህንን ሥራ ደመወዝ እየተከፈለው የሚሠራ ሹም በሕግ ለቦስተን አቆመ። በእኛም የወንጀል ሕግ ቅጣትን በገደብ ማቆየት የሚባል ነገር አለ። እንግዲህ አንድ ሰው በገደብ ተለቀቀ ሲባል ስትሰሙ የኦገስተስን ጥያቄ አስታውሱ፦ ነገ ጠዋት ሥራ የሚፈልግለት፣ ማደሪያ የሚያገኝለት ማነው?