እቴጌ ጣይቱ ከእቴጌነታቸው በፊት

እቴጌ ጣይቱ ብጡል ሲነሱ ሁላችንም የምናስታውሰው ዐድዋን ነው። የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ አጥብቀው ተቃወሙ፤ በ1888 ዓ.ም. የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘመቱ፤ የመቀሌ ምሽግ የሚጠጣበት ምንጭ እንዲያዝ መከሩ። በቡና ሰዓት የማናነሳው ግን ከዚያ በፊት የኖሩትን ኑሮ ነው። በቤቷ ተንቃና ተደብድባ ለወጣች እህት የሚጠቅማት ደግሞ እሱ ነው።

ጣይቱ የተወለዱት በ1840ዎቹ ዓ.ም. ነው። አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም በጦርነት ሲሞቱ ገና ሕፃን ነበሩ። እንደ ጊዜው ልማድ በልጅነታቸው ለአፄ ቴዎድሮስ የጦር ሹም ተዳሩ። በባላቸው ላይ የወረደው የንጉሥ ቁጣ ለእሳቸውም ተርፎ በሰንሰለት እስከ መታሰር እንደደረሱ ይተረካል። ከምኒልክ በፊት አራት ትዳር እንደፈረሰባቸው፣ ከባሎቻቸውም አንዱ ክፉኛ ይበድላቸው እንደነበር ይነገራል። ጣይቱ ግን በደሉን ዕጣ ፈንታዬ ነው ብለው አልተቀመጡም፤ አሽከሮቻቸውንና በቅሎዎቻቸውን ይዘው ወጡ።

መውጣት የቻሉት ደፋር ስለነበሩ ብቻ አይደለም። የሚሄዱበት ነበራቸው፤ እናት ነበሯቸው፤ ወንድማቸው ወሌ ነበሩ። በጎጃም በደብረ መዊዕ ገዳም ተምረው ማንበብና መጻፍ፣ ግዕዝም ያውቁ ነበር። በገና ይደረድሩ ነበር። ባል ቢሄድ፣ ቤት ቢፈርስ ይህ አብሮ አይሄድም።

በ1875 ዓ.ም. አንኮበር ላይ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን በቁርባን ሲያገቡ ዕድሜያቸው ወደ ሠላሳዎቹ ገብቶ ነበር። ለዚያ ዘመን ሴት ይህ ጊዜዋ አለፈ የሚባልበት ዕድሜ ነው። ከዚያም ፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው ለአዲስ አበባ ስም አወጡ፤ በከተማይቱ የመጀመሪያውን ሆቴል ከፈቱ። ምኒልክ እሺ ባይ፣ ጣይቱ እምቢ ባይ እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። አንድ ጊዜ ቃላቸው በገዛ ቤታቸው የማይሰማ የነበሩት ሴት፣ እምቢታቸውን የውጭ መልእክተኛ ሳይቀር የሚፈራው ሆኑ።

የዚያ ዘመን አገዛዝ ለጌዴኦ ገበሬ የገባርነት ዘመን እንደነበር ከአያቶቻችን ሰምተናል። ጣይቱን ያነሳሁትም መንግሥቱን ለማወደስ አይደለም፤ የአንዲት ሴት መንገድ እንድናይ ነው። መንገዱ ኋላም አልጋ በአልጋ አልሆነም። ልጅ አልወለዱም። ምኒልክ በታመሙበት ጊዜ፣ በ1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከሥልጣን ገለል አደረጓቸው። ምኒልክ ካረፉ በኋላ እንጦጦ ላይ በጸሎት ኖረው በ1910 ዓ.ም. አረፉ።

ራሱን ብቻ ከሚያይ ሰው ጋር የኖረች ሴት ከቤቱ ከወጣችም በኋላ ድምፁ ጆሮዋ ውስጥ ይቀራል። አታውቂም፣ አትችይም፣ ያለ እኔ ማንም አይደለሽም ይላታል። ይህን ድምፅ ምክር ብቻ አያጠፋውም። የሚያጠፋው በእጇ የሠራችው፣ በራሷ የወሰነችው፣ ሰው ሰምቷት የተፈጸመ ነገር ቀስ በቀስ ሲበዛ ነው። የጣይቱም ከስደት ወደ እቴጌነት የተደረገ ጉዞ በአንድ ቀን አላለቀም፤ ዓመታት ወስዷል። ስለዚህ ወጥታ ሦስት ወር ያለቀሰችን እህት እስካሁን አልረሳሽውም ወይ ብለን አንቸኩልባት።

እኛ ገዳምም በቅሎም የለንም። ዲላ ላይ፣ ይርጋጨፌ ላይ፣ ወናጎ ላይ ግን በማታ ለምትመጣ እህት የሚከፈት በር፣ በስሟ የተከፈተ የቁጠባ ደብተር፣ የንባብ ትምህርትና ስብሰባ ላይ እጇን ስታወጣ የሚሰማት ሰው ሊኖረን ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በትዳር ውስጥ የሚፈጸምን ጥቃት ወንጀል አድርጎታል፤ ክሱን ብቻዋን እንዳትሄድበት አብረናት እንሂድ። ደጋፊዎቻችንም የምትሰጡት ገንዘብ የሚሆነው ይኸው ነው፤ የሚሄዱበት ለሌላቸው የሚሄዱበት።