ፎቶ ያልነበረው መንገደኛ

ሞሮኮ ደርሶ የመጣ ወዳጅ ካላችሁ ስልኩን አውጥቶ ምን እንደሚያሳያችሁ ታውቃላችሁ። የፌዝ የቆዳ ማልፊያ ገንዳዎች፣ ሰማያዊ የተቀባችው ሸፍሻወን፣ ማታ ማታ ጭስና ከበሮ የሚሞላው የማራካሽ ጀማ ኤል ፍና አደባባይ። አንድ ሳምንት ቆይቶ አራት መቶ ፎቶ! የዚያች አገር ስመ ጥሩ ተጓዥ ግን 24 ዓመት ዞሮ ሲመለስ አውጥቶ የሚያሳየው ነገር አልነበረውም። ቡኻራ ላይ ከሊቃውንት መቃብር እየገለበጠ የሰበሰበው ጽሑፍ እንኳ ህንድ ባሕር ላይ ከንብረቱ ጋር ተዘርፎበታል። የቀረው ትዝታውና አንደበቱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አገሩ ገብቶ ያየሁት ይሄን ይሄን ነው ሲል ማን ያምነዋል? ስለ ኢብን ባቱታ ባነበብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ይኸው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በ1304 ታንጂየር ነው፤ ከስፔን በጠባብ ባሕር ብቻ የምትለይ የወደብ ከተማ። ቤተሰቡ በርበር ሲሆኑ የሚታወቁት በቃዲነት፣ ማለትም በሸሪዓ ዳኝነት ነው። እሱም ሕግ ተማረ። በሰኔ 1325፣ በ21 ዓመቱ፣ ሐጅ ላድርግ ብሎ ብቻውን ከቤት ወጣ። እናትና አባቱ በሕይወት ነበሩ።

ጉዞው ሲጀመር ምንም የሚያስቀና ነገር የለውም። የዛሬዋ አልጄሪያ ውስጥ የምትገኘው ቢጃያ ሲደርስ ትኩሳት ያዘው። አብረውት የሚጓዙት እረፍ ቢሉት እምቢ አለ። ከኮርቻው እንዳይወድቅ ራሱን በጥምጣሙ አስሮ ቀጠለ። ቱኒስ ሲደርሱ የከተማው ሰው እንግዶቹን ሊቀበል ወጣ፤ ሁሉም ከሚያውቀው ጋር ይሳሳማል፣ ይጠያየቃል። እሱን ሰላም የሚለው ጠፋ። እንባውን መቆጣጠር አቃተው። አንድ ተጓዥ አይቶት ቀርቦ እስኪያጫውተው ድረስ አለቀሰ። ከመጽሐፉ ሁሉ እኔን የያዘኝ ይሄ ቦታ ነው። ከክፍለ ሀገር መጥቶ አውቶቡስ ተራ ሲወርድ የሚቀበለው ያጣ ልጅ ስሜቱን ያውቀዋል።

ታዲያ ይሄው አልቃሻ ልጅ ግብፅ ሳይደርስ መንገድ ላይ አገባ። ከአማቱ ጋር ተጣላና ፈታ። ወዲያው ሌላ አገባ፤ ለሠርጉም ቅፍለቱን አንድ ቀን አስቁሞ ደገሰ። እንዲህ ነው፤ ቶሎ ይላመዳል፣ ቶሎም ጥሎ ይሄዳል።

ያለ ካርታ፣ ያለ ባንክ፣ ያለ ሲም ካርድ እንዴት ዓለምን ዞረ? አንዱ መልስ ትምህርቱ ነው። አረብኛና የሸሪዓ ሕግ የሚያውቅ ሰው ከታንጂየር እስከ ህንድ ድረስ የሚያበላው፣ የሚያሳድረው፣ አልፎም ሥራ የሚሰጠው አያጣም ነበር። ሌላው ገበያ ነው። ቅፍለቱ የሚነሳው ከገበያ፣ መርከቡ የሚጫነው ከገበያ፣ ወሬውም የሚገኘው ከገበያ። እሱም አንድ ከተማ ሲገባ ምን እንደሚሸጥ፣ ምን እንደሚበላ፣ እንግዳ ሲመጣ ማን እንደሚቀበለው ያያል።

ደማስቆ ላይ ያየው ልጅ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። አንድ ታዳጊ ባሪያ የቻይና ሸክላ ሳህን ከእጁ አምልጦት ተሰበረ። ጌታው እንደሚገርፈው የታወቀ ነው። ሰው ተሰበሰበ፤ አንዱ ስብርባሪውን ሰብስብና ለዕቃ ወቅፍ ኃላፊው አሳየው አለው። ልጁ ሄዶ አሳየ፤ ሌላ ሳህን የሚገዛበት ገንዘብም ተሰጠው። ለተሰበረ ዕቃ ተብሎ የተቋቋመ የበጎ አድራጎት ገንዘብ ነበረ ማለት ነው። ኢብን ባቱታ ስለ ደማስቆ ታላቁ መስጊድ ብዙ ብሏል፤ እኔ ግን ከተማዋን የማውቃት በዚህች ሳህን ነው።

ወደኛ አካባቢም መጥቷል፤ ወደ ደጋው ግን አልወጣም። ዘይላን ሲያያት ከዓሣውና መንገድ ላይ ከሚታረደው ግመል የተነሳ ሽታዋን አልቻለውም፤ ባሕሩ እየተናወጠም ቢሆን መርከብ ላይ ማደርን መረጠ። ሞቃዲሾ ግን ወዳዋለች። መርከብ ሲደርስ ወጣቶች በትናንሽ ጀልባ ምግብ ይዘው ይወጣሉ፤ እያንዳንዱም ለአንዱ ነጋዴ ሳህኑን አቅርቦ እንግዳዬ ነው ይላል። ከዚያ በኋላ ነጋዴው የሚያርፈው እዚያ ቤት ነው፤ ዕቃውን የሚሸጥለት፣ የሚገዛለትም ባለቤቱ ነው። ባለቤቱ በሌለበት ከእንግዳው ላይ በርካሽ የገዛ ሰው ግዢው አይጸናም። ደላላ የሚያማርረን ሰዎች ይሄን ብናነበው ጥሩ ነው።

ሐበሾችንም ህንድ ውስጥ አገኛቸው። ከምዕራብ ህንድ የተሳፈረበት መርከብ 50 ሐበሻ ተዋጊዎች ነበሩት፤ አንድ ሐበሻ ብቻ ያለበትን መርከብ እንኳ ወንበዴ እንደማይደፍር ይናገራል። አላፑር የምትባል ከተማ ገዢም በድር የሚባል ሐበሻ ነበር፤ የሱልጣኑ ባሪያ፣ በጀግንነቱ የተፈራ፣ ግዙፍ ሰው። በአንድ ማዕድ ሙሉ በግ ይበላል፣ ከዚያ ቅቤ ይጠጣበታል፣ ይሄም የአገሩ ልማድ ነው ተብሎ ተነግሮታል። ቅቤው ላይ እውነት ሳይኖረው አይቀርም፤ በጉን ግን እንጃ።

ዴልሂ ላይ ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ቃዲ አድርጎ ሾመው። ዓመታት ቆየ፤ ብዙ አገኘ፣ ብዙ አጠፋ፣ ዕዳም ገባ። ሱልጣኑ ባንድ እጁ ወርቅ የሚበትን፣ በሌላው አንገት የሚያስቀላ ሰው ስለነበር አንድ ጊዜ ለራሱም ሕይወት ሰግቷል። ወደ ቻይና መልእክተኛ ሆኖ ሲላክ ደግሞ መንገድ ላይ ተማረከ፣ ካሊከት ወደብ ላይ ማዕበል ስጦታ የጫነውን መርከብ ሰበረበት። ባዶ እጁን ወደ ሱልጣኑ መመለስ ፈራ። ማልዲቭስ ገባ፣ ቃዲ ሆነ፣ እዚያም አገባ፣ እዚያም ፈታ።

ቻይና ላይ የገጠመውን ስሙ። ከጓደኞቹ ጋር በሠዓሊዎች ገበያ አልፎ ሄደ። ማታ በዚያው ሲመለስ የራሱና የጓደኞቹ መልክ ወረቀት ላይ ተስሎ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አገኘው። ሲያልፉ ሠዓሊዎቹ ሳያስታውቁ እያዩ ስለዋቸዋል። ልማዱ እንግዳን ሁሉ መሳል ነበር፤ ወንጀል ሠርቶ ቢሸሽ ሥዕሉ ይላክና ይያዛል። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ምስሉን አየው፤ እሱም የተሳለው ለፖሊስ ሥራ ነበር! ይዞት አልመጣም።

እዚያው ቻይና ውስጥ ከታንጂየር ጎረቤት ከሴውታ የመጣ ሰው አገኘ፤ ሁለቱም ተላቀሱ። ከዓመታት በኋላ ሰሐራ ጫፍ፣ ሲጂልማሳ ላይ፣ ያደረበት ቤት ባለቤት የዚያ ሰው ወንድም ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደማልወድለት ነገር ልምጣ። በየአገሩ ሚስት አገባ፣ ልጅ ወለደ፣ ትቶ ሄደ። ባሪያም ገዝቷል፣ ሸጧል። ደማስቆ ነፍሰ ጡር ሚስት ትቶ ነበር፤ ህንድ ሳለ ወንድ ልጅ እንደተወለደለት ሰምቶ ለልጁ አያት 40 የወርቅ ዲናር ላከ። በ1348 ደማስቆ ተመልሶ ሲጠይቅ ልጁ ከሞተ 12 ዓመት ሆኖታል። በዚያችው ከተማ አባቱም ከ15 ዓመት በፊት እንደሞተ ሰማ። ጊዜው የወረርሽኙ፣ የጥቁሩ ሞት ጊዜ ነበር። ደማስቆዎች ጾመው፣ በባዶ እግራቸው፣ ሙስሊሙ ቁርአኑን፣ አይሁዱ ኦሪቱን፣ ክርስቲያኑ ወንጌሉን ይዞ አንድ ላይ ሲያለቅሱ አይቷል።

በ1349 ሞሮኮ ገባ። ፌዝ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ ታዛ የምትባል ከተማ ላይ፣ እናቱ በወረርሽኙ መሞቷን ነገሩት። 24 ዓመት ቆይቶ በጥቂት ወራት አመለጠችው። ታንጂየር ሄዶ መቃብሯን ጎበኘ።

አርፎ ግን አልተቀመጠም። ግራናዳን አየ። ማራካሽን አየና አብዛኛዋ ፈርሳ ስላገኛት ከባግዳድ ጋር አወዳደራት፤ የባግዳድ ገበያ ይሻላል አለ። ጀማ ኤል ፍና ላይ ዛሬ ቢያቆሙት ፍርዱን የሚያነሳ ይመስለኛል። በ1352 ሰሐራን አቋርጦ ማሊ ሄደ። የንጉሡ ስጦታ መጣልህ፣ ተነስ ሲሉት የክብር ልብስና ወርቅ ጠበቀ። የመጣው ሦስት ዳቦ፣ የተጠበሰ ሥጋና በቅል የተሞላ እርጎ። ሳቀ፤ ቂሙን ግን እስከ መጽሐፉ ድረስ ይዞት መጥቷል።

ሥራው ሁሉ መልክ ያገኘው ፌዝ ላይ ነው። የፌዝን አሮጌ ከተማ ስሄድ ያየሁት ሰው ጎግል ማፕን ብዙ አያምንም፤ ሰማያዊው ነጥብ ግድግዳ ሰንጥቆ ይሄዳልና። መኪና አይገባም፤ የተጫነ በቅሎ ሲመጣ ነጂው ባላክ! እያለ ይጮኻል፣ ግድግዳ ላይ ትለጠፋላችሁ። መርካቶ ያደገ ሰው ግን ቶሎ ይገባዋል፤ ሁሉም ሙያ የየራሱ ተራ አለው። ሰፋሪን አደባባይ የመዳብ ቀጥቃጮች ተራ ነው፤ የመዶሻው ድምፅ ከጥንታዊው የቀራውይን መስጊድና ቤተ መጻሕፍት አጠገብ ነው የሚሰማው። ታላዓ ከቢራ በሚባለው ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሱልጣን አቡ ኢናን ያሠራው ቡ ኢናኒያ መድረሳ አለ። የዝግባው እንጨትና የኖራው ቅርጽ ያስቆማል። ኢብን ባቱታ ታሪኩን ሲናገር ይህ ሕንፃ ገና በመሠራት ላይ ነበር።

ታሪኩ እንዲጻፍ ያዘዘው ይሄው አቡ ኢናን ነው። ኢብን ጁዛይ የሚባል ወጣት የግራናዳ ጸሐፊ ተመደበለት፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይጽፋል። በታኅሣሥ 1355 አለቀ። ጸሐፊው መካና ደማስቆ ላይ ሲደርስ ከእሱ በፊት ከነበረው ከተጓዡ ኢብን ጁበይር መጽሐፍ ገጽ በገጽ ገልብጧል፤ በዛሬ ቋንቋ ኮፒ ፔስት። ቮልጋ ወንዝ ላይ ቡልጋር ከተማ ሄድኩ ያለውንም ቀኑ አይገጥምም ብለው ተመራማሪዎች አይቀበሉትም። ቻይና ውስጥ ምን ያህል ዘልቋል የሚለውም ያከራክራል።

ቤተ መንግሥቱም ያኔውኑ ጠርጥሮታል። በሹክሹክታ ውሸታም ይሉት እንደነበር የሚነግረን ታላቁ የታሪክ ሰው ኢብን ኻልዱን ነው፤ እሱም በወጣትነቱ እዚያው ፌዝ ነበር። ጥርጣሬውን ለአንድ ቪዚር ሲያጫውተው ቪዚሩ አንድ ታሪክ ነገረው። አንድ ሹም ለዓመታት ታሰረ፤ ልጁም እስር ቤት ውስጥ አደገ። ልጁ የሚበላው ሥጋ የምን እንደሆነ ሲጠይቅ አባቱ በግ ነው ይልና በግን ይገልጽለታል። ልጁም እንደ አይጥ ነው ማለት ነው? ይላል። ስለ ላምና ስለ ግመልም እንዲሁ። ከአይጥ ሌላ እንስሳ አይቶ አያውቅማ!

እኔ ወደ ማመኑ አደላለሁ። ውሸት ለመዋሸት የተነሳ ሰው ስለ ሱልጣንና ስለ ወርቅ ይዋሻል እንጂ ቱኒስ ላይ ሰላም የሚለኝ አጥቼ አለቀስኩ አይልም። የአንድ ልጅ የተሰበረ ሳህንም ትዝ አይለውም።

መጽሐፉ በጊዜው ያን ያህል አልተወራለትም። ፈረንሳዮች አልጄሪያን ከያዙ በኋላ የእጅ ጽሑፎቹን አገኙና ከ1853 እስከ 1858 ፓሪስ ላይ በአራት ቅጽ ታተመ። እሱ ራሱ ከመጽሐፉ በኋላ በአገሩ ቃዲ ሆኖ ኖረ፤ በ1368 ወይም በ1369 ሞተ። ዛሬ የታንጂየር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል። በአሮጌው ከተማ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥም መቃብሩ ነው የሚባል ትንሽ ቤት አለ። እውነት እሱ ያረፈበት ስለመሆኑ ግን ማስረጃ የለም።