ዶክተር ፍሬድሪክ ባንቲንግ፦ ኢንሱሊንን ለሕመምተኞች ያደረሱ ሐኪም

ዶክተር ፍሬድሪክ ባንቲንግ እ.ኤ.አ. በ1891 በካናዳ፣ ኦንታሪዮ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በዚያ ዘመን ዓይነት 1 የስኳር ሕመም የያዘው ልጅ ብዙ አይኖርም ነበር፤ ሐኪሞችም ምግቡን እጅግ ከመቀነስ ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም።

በ1921 ባንቲንግና ረዳታቸው ቻርልስ ቤስት በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ጆን ማክላውድ ላቦራቶሪ፣ የደም ስኳርን የሚያወርደውን ሆርሞን ከውሻ ቆሽት አወጡ። በ1922 መጀመሪያ የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምፕሰን ኢንሱሊን ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ ብዙም አልረዳውም፤ ጄምስ ኮሊፕ ያጣራው ግን ስኳሩን አወረደለት። ልጁ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ያህል ኖረ።

ባንቲንግ በ1923 ከማክላውድ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ የድርሻቸውንም ገንዘብ ለቤስት አካፈሉ። በ1941 በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። የተወለዱበት ኖቬምበር 14 የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ነው።

ዛሬ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጉት እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ መድኃኒቶች የሚመስሉት ሌላ ሆርሞን ነው፤ እሱም ከአንጀት የሚመነጭ ነው። ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያግዛሉ፤ የጥጋብ ስሜት ስለሚሰጡም ክብደት ይቀንሳሉ። በዓይነት 1 ሕመም ግን ቆሽት ኢንሱሊን ማምረት ስለሚያቅተው፣ እነዚህ መድኃኒቶች ኢንሱሊንን አይተኩም። ስለዚህ ሐኪምዎን ሳያማክሩ ኢንሱሊንዎን አያቋርጡ።