ፍሬድሪክ ባንቲንግና የስኳር በሽታ

የስኳር በሽታ ሲባል ብዙዎቻችን የሀብታምና የሽማግሌ በሽታ ብቻ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ሕፃንም ገበሬም ይይዛል። በዛሬው ጽሑፋችን ለዚህ በሽታ መድኃኒት ካስገኙት ሰዎች የአንዱን፣ የካናዳዊውን ሐኪም የፍሬድሪክ ባንቲንግን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ባንቲንግ በ1891 በካናዳ አገር፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ አሊስተን በተባለች ቦታ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ለወላጆቹ የመጨረሻ ልጅ ነበር። በትምህርቱ ከጎበዞቹ የሚቆጠር አልነበረም፤ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመጀመሪያው ዓመት ወድቋል። ቢሆንም ተስፋ ሳይቆርጥ ወደ ሕክምና ትምህርት ተዛወረና በ1916 ተመረቀ። ወዲያው ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመተ። በ1918 ፈረንሳይ ውስጥ ካምብሬ አጠገብ ክንዱ ላይ ቆሰለ፤ ለጀግንነቱም ኒሻን ተሸለመ።

ከጦርነቱ ሲመለስ፣ በ1920፣ እዚያው ኦንታሪዮ ለንደን በምትባል ከተማ ክሊኒክ ከፈተ። በሽተኛ ግን ከየት ይምጣ! አንድ ወር ሊሞላ እስኪል ድረስ ደጁን የረገጠ ሰው አልነበረም። ኑሮውን ለመደጎም ሲል በከተማው የሕክምና ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። እኛን እጩ መምህራንን የሚነካው ነገር እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ኦክቶበር 30 ማታ፣ ስኳርና ስታርች በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሆኑ ለተማሪዎቹ የሚያስረዳበትን ትምህርት ሲያዘጋጅ፣ ስለ ቆሽት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበበ። እንቅልፍ እምቢ አለው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ተነሥቶ አንድ ሐሳብ በማስታወሻው ጻፈ።

ሐሳቡን ለመረዳት አስቀድሞ በሽታውን ማወቅ ያስፈልጋል። እንጀራም ሆነ ዳቦ ስንበላ ምግቡ ተፈጭቶ ስኳር ይሆንና ወደ ደም ይገባል። ስኳሩ ከደም ወደ ጡንቻ እንዲገባ ደግሞ በር የሚከፍትለት ቁልፍ ይፈልጋል። ቁልፉ ኢንሱሊን ነው። የሚሠራውም ከጨጓራ በስተኋላ ባለችው ቆሽት ውስጥ፣ እንደ ደሴት ተበትነው በሚገኙ ሕዋሳት ነው። በአንዳንዱ ሰው፣ በተለይ በልጆችና በወጣቶች፣ የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ እነዚህን ሕዋሳት ያጠፋል። በሌላው፣ ብዙውን ጊዜ በጎልማሳ፣ ኢንሱሊን እያለ ሰውነት በሚገባ አይታዘዝለትም፤ ቆሽትም እያደር ትደክማለች።

ታዲያ ስኳሩ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። በኩላሊት በኩል ሲወጣም ብዙ ውሃ ይዞ ይወጣል። በሽተኛው ሽንት ይበዛበታል፣ ውሃ ይጠማዋል፣ እየበላ ይከሳል። ኢንሱሊን ጨርሶ ከጠፋ ሰውነት ስቡን ያቃጥላል፤ ከዚያ የሚመጣው አሲድ በደም ውስጥ በዝቶ ራስን ያስታል፣ ይገድላል። ቀስ ብሎ የሚሄደው ዓይነት ደግሞ በዓመታት ውስጥ የደም ሥርንና ነርቭን ይጎዳል። ዓይን ይጠፋል፣ ኩላሊት ይደክማል፣ ልብ ይታመማል፣ እግር ይደነዝዛል። የደነዘዘ እግር እሾህ ቢወጋው አይሰማውም፤ ቁስሉ አመርቅዞ እስከ መቆረጥ ያደርሳል።

ቆሽቱ የወጣለት ውሻ የስኳር በሽተኛ እንደሚሆን ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ በ1889 አሳይተው ነበር። ባንቲንግ ደግሞ የቆሽቱ ቱቦ ቢቋጠር ምግብ የሚፈጨውን ፈሳሽ የሚሠራው ክፍል ይሞታል፣ ደሴቶቹ ግን ይተርፋሉ ብሎ አሰበ። ቶሮንቶ ሄዶ ፕሮፌሰር ማክላውድን ጠየቀ፤ ላቦራቶሪ፣ ውሾችና ቻርልስ ቤስት የተባለ ረዳት ተሰጠው። ሥራው በሜይ 1921 ተጀመረ። በኋላ ኮሊፕ የሚባል የኬሚስትሪ ሊቅ ተጨመረ። ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 ሌናርድ ቶምሰን ለተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያው መርፌ ተሰጠ፤ መድኃኒቱ ያልጠራ ስለነበር አልሠራም። ኮሊፕ አጥርቶት በ12ኛው ቀን እንደገና ሲሰጠው ስኳሩ ወረደ። ሞት ይጠብቀው የነበረው ልጅ 13 ዓመት ጨምሮ ኖረ።

በ1923 የኖቤል ሽልማት ለባንቲንግና ለማክላውድ ተሰጠ። ባንቲንግ ቤስት በመቅረቱ ተናዶ የገንዘቡን ግማሽ አካፈለው፤ ማክላውድም ለኮሊፕ አካፈለ። የፈጠራ መብቱንም በአንድ አንድ ዶላር ለዩኒቨርሲቲው ለቀቁ። ባንቲንግ በፌብሩዋሪ 1941 በኒውፋውንድላንድ በአውሮፕላን አደጋ በ49 ዓመቱ ሞተ።

ኢንሱሊን በሽታውን አያጠፋም፤ መርፌው ከተቋረጠ በሽታው ይበረታል። ዛሬም በብዙ አገር መድኃኒቱን የማያገኝ በሽተኛ አለ፤ በሽታው ሳይታወቅለት የሚሞት ልጅም አለ። ነገ ክፍል ስንገባ፣ ደጋግሞ ልውጣ የሚለን፣ ውሃ የማይጠግብ፣ ከሳምንት ሳምንት የሚከሳ ተማሪ ቢያጋጥመን ረባሽ ነው ብለን አንቆጣው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ልጁ ግን የደበቀ ሳይሆን ያላወቀ ነው። ወላጆቹን ጠርተን ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙና ሽንቱ እንዲመረመር እናድርግ።