ጋራዥ ያሳደገው አብራሪ

ብዙዎቻችን በዚህ ገጽ ላይ የታላላቅ ጋዜጠኞችን ታሪክ ስንጽፍ ቆይተናል። እኔ ዛሬ ያመጣሁላችሁ አንድ መካኒክ ነው። መካኒክ ከኛ ሙያ ጋር ምን አገናኘው ብላችሁ እንዳትስቁብኝ፤ መጨረሻው ላይ እንገናኛለን።

ተወልጄ ያደግሁት አቃቂ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሞተር ሳይክል የሚጠግንባት ጠባብ ጋራዥ አለችው፤ እኔም ከትምህርት መልስ ቁልፍና ካቻቢቴ እያቀበልኩ ነው ያደግሁት። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የአንድ ደንበኛ ሞተር የፊት ጎማ ፈትቼ ገጠምኩ። ስጨርስ ጨርቁ ላይ አንዲት ዳዶ ተርፋ አገኘሁ። ምን አደረግኩ? ኪሴ ከተትኳት! ሞተሩ ተነሳ፣ ሰውየውም ከፍሎ ሄደ። ማታ ቱታዬን ሳወልቅ ዳዶዋ ዱብ አለች። ወንድሜ አንስቶ ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ፤ የፍሬኑ ነበረች። ወዲያው ደውሎ ሰውየው ሞተሩን እንዳያስነሳ ለመነው፤ በማግስቱም ቤቱ ድረስ ሄዶ አሰረለት። ለእኔ አንድም ቃል አልተናገረኝም። ዝምታው ግን ከጥፊ ይብስ ነበር።

የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንን ታሪክ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስለ እሱ የሚወራው ባብዛኛው ስለ በረራው ነው። እኔን የሳበኝ ግን ከአብራሪነቱ በፊት መካኒክ መሆኑ ነው።

ሮቢንሰን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ውስጥ የተወለደ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ገልፍፖርት በምትባል ከተማ ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ተስኪጊ በተባለው ተቋም የመኪና ጥገና ተማረ፤ ከዚያም ቺካጎ ሄዶ በጋራዥ ሥራ ይተዳደር ጀመር። ሐሳቡ ግን ሰማይ ላይ ነበር። በከተማዋ ያለው የኩርቲስ ራይት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት በቆዳ ቀለሙ ምክንያት በሩን ዘጋበት። እሱ ታዲያ ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ገባና መጥረጊያውን ይዞ ትምህርቱን ያዳምጥ ነበር። ከጓደኛው ከመካኒኩ ኮርኔሊየስ ኮፊና ከሌሎች ጋር ሆኖም በሞተር ሳይክል ሞተር የምትበር ትንሽ አውሮፕላን ሠሩ። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ ተቀበላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ተመረቁ።

እስቲ አስቡት፣ የሞተር ሳይክል ሞተር ሰው ተሸክሞ ሲበር! መንገድ ላይ ሞተር ቢጠፋ ገፍተን እንሄዳለን፤ ሰማይ ላይ ግን የሚገፋ የለም። ስለዚህ የጋራዥ ደንብ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። የተፈታ ዕቃ በአፈታቱ ቅደም ተከተል ንጹሕ ጨርቅ ላይ ይደረደራል። ለእያንዳንዱ ቡሎን ልኩ የሆነ ቁልፍ ይያዛል፤ ሰፊ ቁልፍ ጥርሱን ይበላዋልና። የሞተር ክዳን ሲታሰር ቡሎኖቹ በየተራ ፊት ለፊት እየተያዩ ቀስ በቀስ ይጠብቃሉ፤ ባንድ በኩል ብቻ ከጠበቁ ክዳኑ ይጣመማል። በዚያ ዘመን ቤንዚን ውኃ እንዳይቀላቀልበት በለስላሳ ቆዳ ይጣራ ነበር። ካንዴላ ተፈትቶ ቀለሙ ይታያል፤ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚኑ በዝቷል፣ ከነጣ ደግሞ አንሷል ወይም ሞተሩ ከልክ በላይ ግሏል። ሞተሩ ከመዘጋቱ በፊት መሣሪያው ሁሉ ይቆጠራል። የተረፈ ነገር ካለ እንደገና ይፈታል እንጂ ኪስ አይገባም!

ሮቢንሰን አሜሪካ ሕክምና ይማር በነበረው በመላኩ በያን በኩል ተጋብዞ በግንቦት 1927 ዓ.ም. አገራችን ገባ። ብዙም ሳይቆይ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆነ። የኃይሉ ዋና ሜዳ እዚሁ አቃቂ ነበር። ኃይል ይባል እንጂ የነበሩት ጥቂት አውሮፕላኖች ናቸው፤ አንዱ የፈረንሳይ ፖቴዝ፣ ሌላው የጀርመን ዩንከርስ፣ አብዛኞቹም መሣሪያ ያልታጠቁ። የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም። በዚያ ላይ አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር አቅሙ ይቀንሳል፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተርም እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። እንዲህ ባለ ቦታ አዛዡ መካኒክ መሆኑ ምን ያህል እንደጠቀመ መገመት አይከብድም።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ዓድዋን በቦምብ ሲደበድብ ሮቢንሰን እዚያው ነበር። በጦርነቱ ወራት መልእክትና መድኃኒት እያደረሰ፣ ከጠላት አውሮፕላን በተራራ ጥግ እያመለጠ በረረ። በመጋቢት ጣሊያኖች አቃቂ ሜዳ ላይ የቆሙትን አውሮፕላኖች አጠቁ። ጠላት አዲስ አበባን ሊይዝ ሲቃረብ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ቺካጎም በታላቅ ሕዝብ ተቀበለችው። ያየውን በየአዳራሹ እየዞረ ተናገረ። በ1936 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሶ መጣና የእኛን ልጆች ያሠለጥን ጀመር። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያበራት ትንሽ አውሮፕላን ተከሰከሰች፤ ከቀናት በኋላ ሕይወቱ አለፈ። የተቀበረውም እዚሁ ነው።

እንግዲህ ቃል እንደገባሁት፣ እንገናኝ። ባለፈው ሴሚስተር ለልምምድ የጻፍኩት ዜና ውስጥ ያላጣራሁት አንድ ቁጥር ነበር። ማስረከቢያው ሰዓት ደርሷል፤ ማንም አያየውም ብዬ ልተወው ነበር። ዳዶዋ ትዝ አለችኝ። ታክሲ ይዤ ቃሊቲ ተመልሼ ሰውየውን እንደገና ጠየቅሁት። ቁጥሩ ተሳስቶ ነበር። ጽሑፉን አርፍጄ በማስረከቤ ነጥብ ተቀንሶብኛል፤ አልቆጨኝም።